ገንዘብ ራሱ ምንድን ነው? የፈረንጅ አባባሎችና የከተማ ዳር ኑሯችን

አስጠኚው ከቱሉ ዲምቱ
ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፤ አብዛኞቹ ከ8ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ናቸው። ሰሞኑን የያዝነው ስለ ገንዘብ የሚነገሩ የእንግሊዝኛ አባባሎችን ነው። «ጊዜ ገንዘብ ነው»፣ «ገንዘብ ዛፍ ላይ አይበቅልም»፣ «ለዝናብ ቀን አስቀምጥ»፣ «በሳንቲም ብልህ፣ በፓውንድ ሞኝ» እና የመሳሰሉት። ልጆቹ ትርጉሙን ወዲያው ያዙት። አባባሉ እዚህ እኛ ሰፈር ይሰራል ወይ በሚለው ላይ ግን ጭቅጭቅ ተነሳ። እኔም ጭቅጭቁን ወደ እናንተ ይዤው መጣሁ፤ እዚህ የገበሬ ልጅ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ባንክ የሚሰራ አለ፣ ጡረተኛም አይጠፋም።

የኔን ሐሳብ ላስቀድም። እነዚህ አባባሎች ገንዘብን የሚያዩት እንደ ዕቃ ነው። የሚቀመጥ፣ የሚባክን፣ የሚቆጠር ነገር። ለኔ ግን ገንዘብ በሰውና በሰው መሀል ያለ ቃል ነው። ቃሉ እስከተከበረ ይሰራል፤ ቃሉ ሲላላ ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ እያለ ዋጋው ይሄዳል።

የሀገራችንን ታሪክ እዩት። ለብዙ መቶ ዓመታት የተገበያየነው በአሞሌ ጨው ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በፈረንጅ 1520ዎቹ ሲመጣ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። አሞሌ ከአፋር ቆላ ተጠርቦ በግመል ይወጣና ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ቢያንስ ጨው ይበላል። ማርያ ቴሬዛ፣ አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሏት፣ ግን አትበላም። ላይዋ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ናት፣ የተጻፈውም ዓመት 1780 ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ ያንኑ 1780 እንደያዘ ይመታ ነበር፤ ለምን ቢባል ሰዉ ሌላ ስላልተቀበለ። ነጋዴው ደረቷ ላይ ያለውን የጌጥ ፍሬ ይቆጥራል፣ ከተፋቀ ወይም ካልታየው ይመልሰዋል። እንግዲህ ያንን ብር ገንዘብ ያደረገው ማን ነው? ንግሥቲቱ ናት ወይስ ተቀባዩ? እኔ ተቀባዩ ነው እላለሁ።

እናንተስ? ገንዘብ ለእናንተ ምንድን ነው፣ ከነዚህ አባባሎችስ እናንተ አካባቢ የሚሰራው የትኛው ነው? ከኑሮ ምሳሌ ያለው ይጻፍልኝ፣ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።

ሱሉልታ ነኝ
«ገንዘብ ዛፍ ላይ አይበቅልም» የሚለው እኛ ጋ ውድቅ ነው። ይበቅላል! ባህር ዛፍ ላይ።

ከቀልድ አይደለም የምጽፈው። ባህር ዛፍ እዚህ ሀገር የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፣ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት በተጨነቀችበት ጊዜ። አንዴ ከተተከለ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ልትከል አትልም። ቀጭኑ ለማገር ይሆናል፣ ወፈር ያለው አጣና ይሆንና ከተማ ውስጥ ፎቅ ሲሰራ መወጣጫና መደገፊያ ይሆናል፣ ቅጠሉ ሳይቀር እየተጠረገ ለምጣድ ማገዶ ይሸጣል። አባቴ የባንክ ደብተር ያወጣው ካረጀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚቆጥበው በዛፍ ነበር። ሰርግ ሲመጣ ወይም ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ነጋዴ ይጠራና ዛፉን በቁሙ ይሸጥለታል። ነጋዴው በራሱ ሰው አስቆርጦ ይጭናል።

ጥቅም ብቻ አለው አልልም። ከሥሩ ሌላ ነገር አይበቅልም፣ መሬቱን ያደርቀዋል፣ ምንጭ አጠገብ ከተተከለ ምንጩን ይጨርሰዋል ይላሉ ሽማግሌዎች። ደግሞ ግንባታ ሲቀዛቀዝ አጣና የሚጠይቅ ይጠፋል፣ ያኔ ዛፉ አለ፣ ገንዘቡ የለም። እና አስጠኚው ያልከው እዚህ ላይ ልክ ነው፣ የሚገዛህ ሰው ከሌለ ዛፍም ወረቀትም ያው ነው። ልጆቹ ግን አባባሉን ሲማሩ «ፈረንጅ እንዲህ ይላል፣ ሱሉልታ ግን ሌላ ነው» ብለህ ንገርልኝ።

ፎርማኑ
እኔ ስለ ዝናቡ ልጻፍ። ገላን አካባቢ ሳይት ላይ ነው የምውለው።

ገበሬ ዝናብ እንዲመጣ ይጸልያል፣ ለዝናብ ብሎ ሳንቲም አያስቀምጥም። ለዚህ ነው በኛ «ለክፉ ቀን» የሚባለው። የቀን ሠራተኛን ብትጠይቁ ግን የፈረንጁን አባባል ቃል በቃል ይረዳዋል። ክረምት ሲገባ ቁፋሮው ውሃ ይሞላል፣ ሙሌት ይቆማል። ልጁ በጠዋት አካፋውን ይዞ ይመጣል፣ ቆርቆሮ ሥር ተጠልሎ እስከ ረፋድ ይጠብቃል፣ ካላባራ ተመልሶ ይሄዳል። ያልሠራበት ቀን አይታሰብለትም። የቤት ኪራዩ ግን ይታሰባል፣ ምግቡም እንደዚያው። ከዚያ ክረምቱ ሲወጣ ዕረፍት የለም፤ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚወርድበት።

ታዲያ ልጆቹ የት እንደሚያስቀምጡ ታውቃላችሁ? ብዙዎቹ ባለሱቅ ጋ ነው። ሳይቱ በር ላይ ያለው ሰውዬ ባለካሬ ደብተር አለው። በአንድ በኩል ያስቀመጡትን ይጽፋል፣ በሌላ በኩል ዱቤ የወሰዱትን፤ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ካርድ። ሐምሌ ላይ ያስቀመጡት ያልቅና ደብተሩ ወደ ዱቤው ይዞራል፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ይመለሳል። ወረቀት ብር ከእጅ ወደ እጅ ሳይሄድ ሁለት ወር ሙሉ ይኖራሉ። የሰውዬው ሀብት ሱቁ ሳይሆን ማን ከፋይ፣ ማን አጭበርባሪ እንደሆነ ማወቁ ነው። እና አዎ፣ ገንዘብ ቃል ነው የሚለው ትክክል ነው፤ እኔ በየቀኑ አየዋለሁ።

የኮዬ ልጅ
ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ጥሩ ጥሩውን ጻፋችሁ። እኔ ሌላውን ልጨምር፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ኮዬ ነው የተወለድኩት። አሁን ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት ሜዳ ጤፍና ሽምብራ የምንዘራበት ጥቁር አፈር ነበር። መሬቱ ለልማት ሲፈለግ አባቴ ካሳ ወሰደ። ያኔ በሚሠራበት ሕግ፣ በአዋጅ 455/1997፣ የተፈናቃይ ካሳ የሚሰላው ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ ነው። ኋላ የመጣው አዋጅ 1161/2011 ብዜቱን ወደ 15 አሳድጎታል፣ እኛን ግን አልደረሰንም። ስለዚህ አባቴ እጅ ላይ የገባው በወረቀት ስሌት የ10 ዓመት ምርት ነው። በአንድ ቀን!

እስቲ አስቡት። አባቴ ገበሬ ነው፣ ጎበዝ ገበሬ። በጥማድ ያስባል፣ በኩንታል ያስባል። ጎተራ ውስጥ ያለው እህል ስንት እንደሆነ እናቴ ሳትለካ ታውቃለች። ይሄ ለዘር፣ ይሄ እስከ ፍልሰታ፣ ይሄ እስከ አዲሱ ምርት ብላ ትመድባለች። ዘመድ ሲቸገርና ሲመጣ አንድ ቁና ሁለት ቁና ሰፍራ ትሰጣለች፣ ማንም ጎተራውን ሙሉ ስጡኝ አይልም። ብር ሲሆን ግን የሚጠየቀው በቁና አይደለም። አንዱ ለልጄ መኪና መግዣ አለ፣ አንዱ አብረን እንነግድ አለ፣ አንዱ አይሱዙ እንግዛ አለ። አይሱዙ ተገዛ። መኪና የሚያውቅ ሰው ከቤታችን አልነበረም፤ ጎማው፣ ሞተሩ፣ ሹፌሩ፣ ረዳቱ ሁሉም ከኪሳችን ሲበላ ከረመና በርካሽ ተሸጠ። የ10 ዓመት ተብሎ የተሰላው ብር 10 ዓመት አልቆየም፣ ግማሹንም አልቆየም። በዚያ ላይ ዋጋው በየዓመቱ እየናረ ነው። መሬቱ ግን ቢኖር ኖሮ ጤፍ ሲወደድ ምርታችንም አብሮ ይወደድ ነበር። ልዩነቱ የገባኝ ያኔ ነው። መሬት ከዋጋ ጋር አብሮ ይነሳል፣ የተቀመጠ ብር ቁጭ ባለበት ይቀራል።

ቤታችንን ያተረፈችው እናቴ ናት። አባቴ ከካሳው ለሷ ብሎ ከሰጣት ላይ ላም ገዛች። መጀመሪያ አንድ፣ ኋላ ጨመረች። ፉርሽካና ፋጉሎ እየገዛች፣ ድርቆሽ ከበረህ ወረዳ በኩል እያስጫነች፣ ወተቱን በጠዋት ለኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ታከፋፍላለች። የምትሸጠው ድሮ ሽምብራ ትለቅም በነበረበት መሬት ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። እህቶቼ የተማሩት በዚያ ወተት ነው። እናቴ ስለ ገንዘብ ሲነሳ የምትለው አንድ ነገር ነው፣ «የማውቀውን ነገር ገዛሁ» ትላለች፣ ሌላ ምንም አትልም።

ስለዚህ አስጠኚ ወንድሜ፣ ገንዘብ ቃል ነው ብለህ ብቻ አትለፈው። ገንዘብ ዕውቀትም ይፈልጋል። አባቴን ማንም አላታለለውም፣ ብሩም ሐሰተኛ አልነበረም። ያላደገበትን ነገር ነው በአንድ ቀን አሸክመውት የሄዱት፣ አንድም ቀን ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው የለም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አስጠኚው ከቱሉ ዲምቱ
የኮዬ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጻፍከው ትልቅ ነገር ነው። እናትህን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ይሄንን ለልጆቹ ሙሉውን ነው የማነብላቸው፣ ግማሾቹ እኮ የዚያው ሰፈር ልጆች ናቸው።

ባንክ ቤት ነው የምሰራው
የኮዬ ልጅ ያልከውን በቁጥር ላግዝህ። በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። ጥሩ ነው። ግን በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 ያገኛል፤ በዚያው ዓመት 100,000 ብር ያወጣ የነበረው ዕቃ 130,000 አልፏል። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ጨምሯል፣ ገበያ ላይ ግን ቀንሷል። ደንበኞች ይሄንን ሳንነግራቸው ያውቁታል። እኔ ያለሁበት ቅርንጫፍ ከተማ ዳር ነው፤ ሰው ደመወዝ ገብቶለት በሳምንቱ አውጥቶ ፌሮና ብሎኬት ይገዛል፣ ግቢው ውስጥ ይከምረዋል፣ ቤት የሚሠራው ከዓመታት በኋላ ቢሆንም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ አስታውሱ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ገባ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ማንም ከማንም ኪስ ሳንቲም አላወጣም። ከውጭ የሚመጣ ነገር ለሚገዛ ሰው ግን በእጁ ያለው ብር ዋጋው ወርዷል።

ልጆቹ ገንዘብ ቁጥር ብቻ ነው ወይ ብለው ከጠየቁ ደግሞ ይሄንን ንገሯቸው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ሰው ገንዘቡን ሳይነካው ይከፍላል፤ ባጃጁም፣ አትክልት ቤቱም፣ ሰንበቴውም። ወረቀቱም ቢሆን ከዚያ የተለየ አይደለም። መስከረም 2013 ላይ የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ በፍራሽ ሥር ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ተሯሩጦ መጥቷል፣ ቀኑ ካለፈ ያው ወረቀት ወረቀት ብቻ ነዋ።

ሰሚት ያለሁ
ይቅርታ፣ ግን እንዲህ ስታወሩ ወጣቱ የሚሰማው «አትቆጥቡ» ብላችሁ እንደሆነ አስባችሁበታል? ባንክ ቤት ያለህው በተለይ። እኔ ልጆች አሉኝ። ሲታመሙብኝ ፌሮ ይዤ ሐኪም ቤት አልሄድም። ለችግር የሚሆን ጥሬ ገንዘብ፣ ዋጋው ቢቀንስም፣ ቢያንስ የሁለት የሦስት ወር አስቤዛና ኪራይ የሚሸፍን መኖር አለበት። ከዚያ በላይ ያለውን ዕቃ ይግዙበት፣ ላም ይግዙበት። ከዚያ በታች ላለው ግን ወለዱ ስንት ነው ብሎ ነገር የለም።

ባንክ ቤት ነው የምሰራው
ትክክል ነሽ እህቴ፣ በዚህ እስማማለሁ።

ጡረተኛ መምህር፣ አቃቂ
ልጆቼ፣ ስለ ማርያ ቴሬዛ ስለተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ።

ጣልያን በ1928 ከመግባቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ የማርያ ቴሬዛን መምቻ ቅርጽ ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ መምታት ጀምሮ ነበር። ለምን? ኢትዮጵያ ውስጥ በሊሬ ምንም እንደማይገዛ ስላወቀ ነው። ከገባ በኋላ ሊሬውን በግድ ሊያስለምድ ሞከረ፣ ጠገራውንም ሊሰበስብ ሞከረ። ሰዉ ጠገራውን ቀበረ። ጠመንጃ ያለው መንግሥት ወረቀቱን ማስቀበል አቃተው! ከነጻነት በኋላ በ1937 አዲሱ ብር ሲወጣ መንግሥት ይሄን ያውቅ ስለነበር የ50 ሳንቲሟን ከእውነተኛ የብር ማዕድን ነው ያሠራት። እኛ ሽልንግ የምንላት እሷን ነው፣ 25 ሳንቲሟ ደግሞ ስሙኒ። በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» እየተባለ ሲጠራ የቆየው በ1969 ነው በሁሉም ቋንቋ ብር የሆነው። በአማርኛ ግን ከመጀመሪያውም ብር ነበር።

ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ለ20 ዓመት ገደማ እዚያው ቆየ፤ በ1985 5 ብር ሆነ። ያኔ ተመኑ በመንግሥት የተያዘ ስለነበር ሁሉ ነገር ደህና ነበር ማለቴ አይደለም፣ ዕቃ በሰልፍና በራሽን የተገኘበት ዘመን ነው። ቢሆንም እኔ በወጣትነቴ የዛሬ አምስት ዓመት ይሄን እገዛለሁ ብዬ አስልቼ ገዝቻለሁ። ዛሬ የጡረታ አበሌን ይዤ ለአምስት ወር ማስላት አልችልም። ገንዘብ ለኔ ያ ነው፤ ነገን ማስላት መቻል።

ስሜ ይቅር
«ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» የሚለውንም እንግሊዞቹ ይሉታል፣ አስጠኚው ብታስተምራቸው አስተካክለህ አስተምር። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው «ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» ብሎ ነው። መውደዱን ቆርጠው ጥለውት ገንዘቡን ብቻ ወቀሱት። የኮዬው ልጅ እናት ላም የገዛችበትም ገንዘብ ነው፣ ምን ክፋት አለበት?

ከቡራዩ
አሰላሙ አለይኩም። በኛም በኩል እንዲሁ ነው፣ ገንዘብ በራሱ ሐራም አይደለም። ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ወለድ ስለማንበላ የባንኩ 7 በመቶ እኛን አይመለከተንም፤ ለብዙ ዓመታት አባቶቻችን ወይ ቤት ያስቀምጣሉ ወይ ወለዱን ሳይነኩ ይተዉታል። አሁን ከወለድ ነጻ አገልግሎት በየባንኩ አለ፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮችም ተከፍተዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለተኛ፣ ዘካ አለ። ኒሳብ፣ ማለትም ዘካ የሚወጣበትን ዝቅተኛ መጠን፣ የሞላ ገንዘብ ዓመት ሲዞርበት 2.5 በመቶው ለሚገባው ሰው ይወጣል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ገንዘብ በየዓመቱ ይቀንሳል ማለት ነው። አጎቴ «ዘካ ሳይጨርሰው አሠራው» ይለናል። ሰው ገንዘቡን ወደ ሥራ እንዲያወጣው የሚገፋ ነገር አለበት። እኔ ይሄን ከየትኛውም አባባል በላይ እወደዋለሁ።

የሰልፍ ሰው
ማንም «ጊዜ ገንዘብ ነው» የሚለውን አልነካውም፣ እኔ ልንካው።

ይሄን የጻፈው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፣ በፈረንጅ 1748፣ ለወጣት ነጋዴ በሰጠው ምክር ውስጥ። ምስሉ መቶ ዶላሩ ላይ ያለው ሰውዬ ማለት ነው። የሚለው በቀን ይሄን ያህል ማግኘት የምትችል ከሆነ ግማሹን ቀን ቁጭ ካልክ ግማሹን ገንዘብ ጣልከው ነው። እሺ። ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ የምንመላለስ ሰዎች በጠዋት በታክሲ ሰልፍ፣ ማታ በታክሲ ሰልፍ ስንት ሰዓት እናጠፋለን? ያንን ሰዓት ማን ይከፍለናል? ቱሉ ዲምቱ ላይ እኮ ጊዜ በግልጽ ይሸጣል። የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ እዚያው ነው፤ የከፈለ በፈጣኑ ይሄዳል፣ ያልከፈለ በድሮው መንገድ በዱከም በቢሾፍቱ በሞጆ እየቆመ ይሄዳል። መኪና ላለው ሰው ጊዜ ገንዘብ ነው፣ ዋጋውም ደረሰኝ ላይ ተጽፎ ይሰጠዋል።

ግን ተመርቆ ቤት የተቀመጠውን ልጅስ? ጊዜ ሞልቶታል። አንድ ቀን ሙሉ ይዞ ሲወጣ ማን ገዛው? የፍራንክሊን አባባል የሚሠራው ጊዜህን የሚገዛ ሰው ካለ ብቻ ነው። ሥራ ለሌለው ወጣት «ጊዜ ገንዘብ ነው» ብሎ መምከር ቁስሉን መንካት ነው፤ እባካችሁ ይሄን ለልጆች ስታስተምሩ ጥንቃቄ አድርጉ፣ ቤታቸው እንደዚህ ያለ ወንድም ያላቸው ብዙ ናቸው።

የሰፈሩ እናት
በሳንቲም ብልህ በፓውንድ ሞኝ ላላችሁት፣ ሽንኩርት ከአትክልት ተራ ይረክሳል ብሎ ሦስት ታክሲ ይዞ የሚሄድ ሰው አውቃለሁ። ለቡድን ከሆነ ያዋጣል። እኛ ብሎካችን ላይ ስድስት ሰባት ሆነን አንድ ሰው እንልክና ኩንታሉን እንካፈላለን፣ የትራንስፖርቱንም እንከፋፈላለን። ለብቻ ከሆነ አትሂዱ።

የእቁብ ጸሐፊ፣ የካ አባዶ
እንደዚህ ያለ ውይይት ላይ እቁብ ሳይነሳ መቅረቱ ገርሞኝ ነው የመጣሁት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለምን ይመስላችኋል?

አሠራሩን ለማያውቁ፤ ለምሳሌ 20 ሰው በወር 3,000 ብር ይጥላል፣ 60,000 ይሆናል፣ እጣ የወጣለት ይወስዳል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ የወሰደ ሰው ዋስ ያቀርባል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ አበደረ። ባንክ ለልብስ ሰፊና ለጉልት ነጋዴ ያለ መያዣ ብዙ ጊዜ አያበድርም፤ እኛ እናበድራለን፣ መያዣው ሰውየው ራሱ ነው። አስጠኚው ቃል ያልከው ይሄ ነው።

ሰሚት ያለሁ
የእቁብ ጸሐፊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዋጋ እንደዚህ እየናረ 20ኛው ሰው አይጎዳም? በመጀመሪያው ወር ፍሪጅ የሚገዛው 60,000 በመጨረሻው ወር ላይገዛ ይችላል እኮ። እኔ ሁለት ጊዜ መጨረሻ ደርሶኝ ነው እቁብ የተውኩት።

የእቁብ ጸሐፊ፣ የካ አባዶ
ጥያቄሽ ትክክል ነው፣ ይጎዳል። ለዚህ ነው ብዙ እቁብ ያጠረው። ድሮ የ40 የ50 ሰው እቁብ ነበር፣ አሁን ሰው ረጅም አይፈልግም። እኛ ወርሃዊውን በ15 ቀን አደረግነው፣ ጊዜው በግማሽ አጠረ። ሌላው፣ እጣ መሸጥ አለ። እጣ የወጣለት ካልቸገረው ለቸገረው ይሰጠውና የተወሰነ ሺህ ብር ይቀበላል። የልጅ ክፍያ የደረሰበት፣ ዕቃ ከወደብ የገባለት ነጋዴ በደስታ ይከፍላል። መጨረሻ ለቀረው ሰው ያቺ ገንዘብ ኪሳራውን ትንሽ ትደግፈዋለች።

ከቡራዩ
እጣ መሸጡ ግን ወለድ ነው እኮ። ዛሬ 60,000 ወስዶ በላዩ መጨመር።

የእቁብ ጸሐፊ፣ የካ አባዶ
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ሙስሊም አባሎቻችንም ይሄንኑ ነው ያሉት፤ ስብሰባ ተቀምጠን ተነጋግረንበታል። የተስማማነው እንዲህ ነው። መሸጥ የማይፈልግ አይሸጥም፣ አይገዛምም። ለሐዘን፣ ለሕመም፣ ለወሊድ ከሆነ ግን እጣ አይጠበቅም፣ ማንም ይሁን ማን ያለ ምንም ጭማሪ ቅድሚያ ይሰጠዋል፣ የቀደመው ሰው ተራ ይለዋወጣል። በዚህ ሁሉም ተስማምቷል። ሰሚት ያለሽው፣ መመለስ ከፈለግሽ የኛ አዲሱ ዙር ከጥምቀት በኋላ ይጀምራል፣ በ15 ቀን 2,000 ነው። ሁለት ዋስ ያስፈልግሻል፤ አንዱ ከአባሎቻችን መሆን አለበት፣ ሁለተኛው ከፈለግሽበት ይሁን፣ ብቻ ቤቱን የምናውቀው ሰው ይሁን።